በሕይወት ላለ ሰው የተነፋ ጥሩምባ

«አንድ ባለወፍጮ ነበረ» አሉ ጋሽ ተገኔ፣ ስመኝ ጥያቄዋን ከመጨረሷ።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። ስመኝ የራሷ ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ቀጣሪ የላትም፣ ስለዚህ ስትታመም የሚያሳክማት መሥሪያ ቤትም የላትም። ከቀበሌ የጤና መድን መዝጋቢ ሱቋ ድረስ መጥቷል፤ ከአንድ የግል ኩባንያም ወኪል መጥቷል። ሁለቱንም «አስቤበት እነግራችኋለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጤና ጣቢያ ድሬሰርነት አገልግለው ጡረታ ወደወጡት ጎረቤቷ ሄደች። «ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ? ወይስ እድሬ ይበቃኛል?» አለቻቸው።

እሳቸውም ታሪኩን እንዲህ ቀጠሉ።

ባለወፍጮው ጠንቃቃ ሰው ነበር። የሰፈሩ እድር ውስጥ አለ፣ የነጋዴዎቹ እድር ውስጥ አለ፣ የቤተ ክርስቲያኑም እድር ውስጥ አለ። መዋጮ አስተጓጉሎ አያውቅም። ሰው ሲሞት ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ዱቄቱን ከልብሱ አራግፎ ከፊተኞቹ ጋር ይቆማል።

በምዝገባው ወር የጤና መድን መዝጋቢዋ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ጠራችው። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር እሱም እየጮኸ መለሰላት። «እኅቴ፣ ለምች ዳማከሴ አለኝ፤ ለሞት ሦስት እድር አለኝ። በመሃል ምን ቀረ?» እህል የሚያስፈጩት ሴቶች ሳቁ። መዝጋቢዋም ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች። ወሩ አለቀ፤ ምዝገባው ለዓመቱ ተዘጋ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት ሆዱን አመመው። መጀመሪያ እምብርቱ ዙሪያ ነበር፤ ቆይቶ ወደ ቀኝ ወረደ። ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ሆዱን ተጭና ስትለቀው ጮኸ። «ትርፍ አንጀት ይመስላል። ዛሬውኑ ከተማ፣ ሆስፒታል ሂድ» አለችው።

የመኪናውን ኪራይ፣ አልጋውን፣ ቀዶ ጥገናውን አሰበ። ከሕመሙ ይልቅ ወጪውን ፈራ። ወደ ቤቱ ተመልሶ «እስከ ነገ ልየው» አለ። ልብ በይ፣ ይህን ያለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ወጪውን የሚሸፍንለት የሌለው ሰው እንዲህ ሲል በሥራዬ ዘመን ሁሉ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ሕመሙ ድንገት ቀለለው። ሚስቱ ፈጣሪዋን አመሰገነች። የቀለለው ግን ትርፍ አንጀቱ ስለፈነዳ ነበር። ከቀትር በኋላ ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ሰውነቱ ጋለ። «ወፍጮውን አጥፊው፣ ጆሮዬን በላው» ይላት ጀመር። ወፍጮው ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።

ሚስቱ ወደ ሰፈሩ እድር ዳኛ ሮጠች። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ሲሞት የምትሰጡኝን ዛሬ ስጡኝና ላሳክመው» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ደንቡ ለሞተ ነው የሚለው። ላንቺ ብፈቅድ ነገ የታመመ ሁሉ ደጄ ይቆማል። ለቀብር ምን ይተርፋል?»

«ታዲያ ቢሞት ይሻለኛል?»

ዳኛው እስከ በሩ ሸኟት። «እግዚአብሔር ይማረው» አሏት።

ከዚያ ያደረገችውን ያ ሰፈር አይቶ አያውቅም። ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄዳ «ንፋ» አለችው። «ማን ሞተ?» አላት። «ባሌ ነው» አለችው። ነፋ።

ሰው ወጣ። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ በጋሪ ተጭኖ መጣ። አስከሬን የሚሸከሙበት ቃሬዛም መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ግቢው ሲደርሱ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አታለቅስም።

«አልሞተም» አለች። «ግን ሁላችሁም መጥታችኋል። እባካችሁ፣ እስኪሞት አትጠብቁ።»

ለቅሶው ቆመ። ጥሩምባ ነፊው «ሰውን በቁሙ አስለፈፍሽኝ?» ብሎ አማተበ። አንዲት አሮጊት «ይሄ ሟርት ነው» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከውስጥ የሰውየው ማቃሰት ይሰማል። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሰው አስተኝተው የሚሸከሙበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ቃሬዛውን አስገቡ። ባለወፍጮው አየው። ቃሬዛውን፣ ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች፣ በሩ ላይ የቆመውን ጥሩምባ ነፊ ሁሉ አየ። የሚስቱን እጅ ያዘና «እየሰማሁ ነው እኮ» አላት። «ንገሪያቸው፣ ገና እየሰማሁ ነው።»

ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሞቹ ሆዱን ሲከፍቱት መግሉ ሁሉንም አዳርሶት ነበር። «ትናንት ቢመጣ ቀላል ነበር» አሏት። ከቀዶ ጥገናው አልነቃም።

አስከሬኑ ሲመለስ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ነበር፤ መልሶ የወሰደው የለም። ሦስቱም እድሮች መጡ። ምግቡ ተረፈ፣ ወንበሩ ተረፈ፣ ቀባሪው መንገዱን ሞላው። አንዳችም ነገር አልጎደለም።

ጋሽ ተገኔ ታሪኩን ጨርሰው ወደ ስመኝ ዞሩ።

«እድሩ አላታለለውም። የገባለትን ቃል በሰዓቱ ፈጽሟል። ባለወፍጮው ነው ‹መቼ ትደርሱልኛላችሁ?› ብሎ ያልጠየቀው። አንቺም እንደሱ ነሽ። የምታድሪው በእጅሽ ነው፤ አንቺ ስትተኚ ስፌቱም ይተኛል። እድርሽን አትተዪ፣ እሱ ግን የሚመጣው ካንቺ በኋላ ነው። መዝጋቢውንና ወኪሉን መልሰሽ ጥሪያቸው። ‹ዛሬ ብመዘገብ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ለየትኛው ሕመም፣ በየትኛው ሆስፒታል ትደርሱልኛላችሁ?› በያቸው። ወጪውን ከዚያ በኋላ ትጠይቂያለሽ። በሕይወት እያለሽ ቀድሞ የሚደርስልሽን ያዢ።»

ስመኝ ሳታስበው እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር። «አሁን እኮ ምንም አላመመኝም፣ ጋሼ» አለች።

«ለዚህ ነው ዛሬ የሚቀበሉሽ» አሏት።