ወደ መጨረሻው ገጽ የሚሮጠው ጽሑፍ

አንዲት አስካለ የምትባል ሴት የባሏን መርዶ የሰማችው ማክሰኞ ማለዳ፣ ደጃፏን እየጠረገች ሳለ ነው። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው በበሩ ሲገቡ አየች። በዚያች ከተማ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው የለም። መጥረጊያውን እንደያዘች «ይኄይስ ነው?» አለች። አንደኛው ሽማግሌ መጥረጊያውን ከእጇ ቀስ ብሎ ተቀበላት። ባሏ መምህር ይኄይስ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ በሄደበት አገር፣ በተኛበት ልቡ ቀጥ ብሎ አርፎ ነበር።

መምህር ይኄይስ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የሕይወቱን ታሪክ በኮምፒውተር ይጽፍ ነበር። ወገቡን ስለሚያመው ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ አይችልም፤ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ነበር የሚጽፈው። አስካለ ምን እንደሚጽፍ ስትጠይቀው፣ አሁን ካነበብሽው ማረም ትጀምሪያለሽ፣ ሲያልቅ ታነቢዋለሽ እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም ትስቅና ትተወዋለች። ጊዜ ያለ መስሏት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የይኄይስ ታላቅ እህት እትዬ የሻረግ የወንድሟን ዕቃ ሰበሰበች። በእነሱ ቤተሰብ ልማድ የሟች እጅ ሲነካው የኖረ ዕቃ ሁሉ በአንድ ነጭ አንሶላ ይቋጠራል፤ እስከ አርባው ቀንም አይፈታም። በአርባው ተፈትቶ ለችግረኛ ይሰጣል። አስካለ በለቀስተኛ ተከብባ ሌላ ክፍል ተቀምጣ ስለነበር እትዬ የሻረግ ምኑን ከምን እንዳስገባች አላየችም። አልጋው ላይና አልጋው ሥር የተገኘው ሁሉ ኮቱም፣ ጫማውም፣ መጽሐፉም ባንድ ላይ ገብቶ፣ በጉልበት ተጭኖ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ አስካለ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ሲያልቅ ታነቢዋለሽ ያላት ነገር ከዚህ በላይ እንደማያልቅ አስባ ነው። ጽሑፉ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ገጽም መጣ። ገና አንድ መስመር ሳታነብ ግን ገጹ በራሱ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ማንም ሳይነካው ሁለተኛው ገጽ አለፈ፣ አሥረኛው አለፈ፣ ሃምሳኛው አለፈ፤ ፊደሉ እንደ ጎርፍ ወረደ። የቆመው መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ነው። እዚያም እንዲህ ይላል፦ «ነገ ማለዳ ወንድሜን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ስመለስ የቀረውን እጽፋለሁ።»

አስካለ መነጽሯን አውልቃ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ላይ መለሰችው። ወረደ። እንደገና መለሰችው፤ እንደገና ወረደ። ዘግታ ከፈተችው፤ ያው ነው። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። የባሏ ሕይወት መቶ ምናምን ገጽ ሆኖ ፊቷ ተቀምጦ፣ እሷ እንድታይ የተፈቀደላት «ስመለስ» የምትለው ቃል ብቻ ሆነች።

ነገሩን ለእትዬ የሻረግ ነገረቻት። እትዬ የሻረግ መጥታ ቆማ አየች፤ ገጹ ሲሮጥ ስታይም አማተበች። ነፍሱ ናት፣ ሊነግርሽ የፈለገው ነገር አለ፣ ወደ መጨረሻው ቃል የሚመራሽ እሱ ነው አለቻት። በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣችና ኮምፒውተሩን ልትረጨው ስትል አስካለ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ እኔን ይርጩኝ። ይሄ ኤሌክትሪክ ነው፤ እርስዎንም ጨምሮ ይወስድብኛል።»

«ምነው፣ በጠበል የሞተ ሰው ሰምተሻል?»

«በሶኬት የሞተ ሰምቻለሁ።»

እትዬ የሻረግ አኮረፈችና ጠበሉን አስካለን ረጭታ ሄደች። ቀጥሎ የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራ። ሰውየው ማውሱን በሌላ ማውስ ቀየረ፤ ገጹ መሮጡን አልተወም። ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፤ አልተወም። ክንዱን አጣጥፎ ቆመና ቫይረስ ነው አለ። መድኃኒቱ ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው፤ በፍላሽ ቢገለበጥም ቫይረሱ አብሮ ይሄዳል ብሎ አስረዳት።

«ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ምን ይሆናል?» አለችው።

«ይጠፋላ። ግን ማሽኑ እንደ አዲስ ይሆንልዎታል።»

«እንደ አዲስ የሆነ ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ወንድሜ?»

ሰውየው ዕቃውን ሰበሰበ። ቅዳሜ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ያስቡበት ብሏት ሄደ። አስካለም አሰበችበት። አንዱ ነፍስ ናት አይነካ ይላል፣ ሌላው በሽታ ነው ይጥፋ ይላል። ባሏን ሁለተኛ ልትቀብረው መሆኑን ታውቃለች፤ ሆኖም ያቺን አንዲት መስመር በየቀኑ ከማየት ቢጠፋ ይሻላል ወደማለቱ ደርሳ ነበር። ዓርብ ዕለት ልቧ ለጠጋኙ እሺ ብሎ ነበር የዋለው።

በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋንታነሽ የምትባል ሴት ልቅሶ ልትደርስ መጣች። ፋንታነሽ ፍርድ ቤት አጠገብ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ አቤቱታ እየጻፈች የምትኖር ናት። መርዶው ሲነገር አገር ውስጥ አልነበረችም። እንደ ወጉ አልቅሳ፣ ዘግይታ ስለመጣች ይቅርታ ጠይቃ ከተቀመጠች በኋላ አስካለ የኮምፒውተሩን ነገር አጫወተቻት። የነፍሱንም፣ የቫይረሱንም ነገር አልደበቀችም።

ፋንታነሽ ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «እትዬ አስካለ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ጥፋተኛውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ነው ይላል፤ አማቴ ናት ይላል። እኔ ግን አቤቱታውን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት እቤቱ ውስጥ ማን ማን ነበር? ይህንንም እንደዚያው እንጠይቀው።»

ኮምፒውተሩን ከፈቱት። ገጹ እንደ ልማዱ ሮጦ መጨረሻው ላይ ቆመ። ፋንታነሽ ወደ ላይ መለሰችውና ገና መውረድ ሲጀምር ማውሱን ነቀለችው። ገጹ መውረዱን ቀጠለ። ማውሱ እቤት አልነበረም ብላ ወደ ጎን አስቀመጠችው። መልሳ ሰክታ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ መልሳ፣ አሁን ኪቦርዱን ነቀለችው። ገጹ አሁንም ወረደ። እሱም አልነበረም አለች። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ማውስም ኪቦርድም ተነቅሎ ገጹ ሲሮጥ ማየቱ የእትዬ የሻረግን ቃል እውነት አስመሰለው።

«ከእርስዎ ሌላ ይህን ማሽን የሚነካው ማን ነው?» አለች ፋንታነሽ።

«ማንም። እሱ ነበር። እሱ ደግሞ የለም።»

«እሱ ሲጽፍ እዚህ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው?»

«ወገቡ የት አስቀምጦት። አልጋው ላይ ነው እንጂ።»

ፋንታነሽ አልጋውን አየች፤ ጠረጴዛውንም አየች። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ ያህል አለ። የኪቦርዱን ገመድ አንሥታ ለካችው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ አያልፍም። ከዚያ ጽሑፉን እንደገና ወደ ላይ መልሳ፣ ገና ሲወርድ ጎንበስ ብላ በኮምፒውተሩ ጀርባ በእጇ ዳበሰችና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር አግኝታ ነቀለች።

ገጹ ቆመ። ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል፣ ፀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ጠበቁ፤ አልተንቀሳቀሰም።

ፋንታነሽ ያቺን ትንሽ ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ይቺ የገመድ አልባ ኪቦርድ መቀበያ ናት፤ ኪቦርዱ በቅርብ ካለ ድምፁን ትሰማለች። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ሳታቋርጥ ትታዘዛለች፤ የጫነው ጣት ይሁን ሌላ ነገር ለይታ አታውቅም ብላ አስረዳቻት። መምህር አልጋ ላይ የሚጽፉበት ኪቦርድ የት አለ? ብላም ጠየቀቻት። ያኔ አስካለ ትዝ አላት። አንድ የድሮ ተማሪው የሰጠው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሚጽፍበት ቀጭን ኪቦርድ ነበር። ሳታስበው ዓይኗ ቁም ሳጥኑ ላይ ወደተቀመጠው ነጭ ቋጠሮ ሄደ።

አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስለዚህ እሱ አልነበረም» አለች። ፋንታነሽ መቀበያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «እሳቸውን አላገኘንም፤ የጻፉት ግን ቆሞ እየጠበቀዎት ነው» አለቻት።

አስካለ ተነሥታ ጽሑፉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። እጇን አንሥታ ጠበቀች፤ ገጹ ከቦታው ፍንክች አላለም። ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች፦ «አስካለን መጀመሪያ ያየኋት ወፍጮ ቤት ነው። ሰልፉን አልፌ ስገባ ጆንያዬን ከሚዛኑ ላይ ጎትታ አወረደችና ‹አስተማሪ ነህ ሲሉ ሰማሁ፤ መቁጠር ካወቅህ እስቲ ስንተኛ ነህ?› አለችኝ። ቆጠርኩ። ሰባተኛ ነበርኩ።» እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቅ ቀደማት። ከመርዶው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አምስተኛ ነበር እንጂ ሰባተኛ አልነበረም፣ ይሄው እኮ ማረሜ አልቀረም አለች፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ቅዳሜ ጠጋኙ መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ ደጃፍ ላይ አመስግና መለሰችው።

እትዬ የሻረግ ነገሩን ስትሰማ አመዷ ቡን አለ። የወንድሟን ሚስት ያስጨነቀችው እሷ መሆኗን አስባ ወንበር ስባ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ቋጠሮ ልትፈታ ተነሣች። አስካለ ግን ከለከለቻት። «ይተዉት እትዬ። ቀኑ ሲደርስ ይፈታል። እኔን ያሠቃየኝ ቋጠሮው አይደለም፤ ከእሱ ጋር ያያያዘችኝ ያቺ ትንሽ ነገር ናት። እሷን ነቅለናታል።» እትዬ የሻረግ ተመልሳ ተቀመጠችና እስቲ ስኳር ስለመሥረቁ የሚናገርበት ገጽ ካለ አንብቢልኝ፣ በልጅነቱ የእናታችንን ስኳር የሚጨርሰው እሱ ሆኖ የምገረፈው እኔ ነበርኩ አለቻት። ገጹ ነበረ። ሃያ አንደኛው ላይ፣ ስኳሩን የጨረሰው እሱ እንደነበረ በግልጽ ጽፎታል። እትዬ የሻረግም ከስድሳ ዓመት በኋላ ነጻ ወጣች።

በአርባው ቀን ቋጠሮው በወጉ ተፈታ። ኪቦርዱ ከመጽሐፎቹ ላይ ተኝቶ ነበር፤ የጫማው ተረከዝም ወደ ታች የሚያወርደውን ቁልፍ ተጭኖ ተገኘ። ልብሱ ለችግረኛ ተሰጠ። ፋንታነሽ በጠባቧ ክፍሏ ያተመችው ጽሑፍም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለተሰበሰበው ሰው ተነበበ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ወዳጆች፣ ሰው የሚወደውን ሲያጣ ልቡ እንደዚያ ጽሑፍ ይሆናል። ሟቹን ባሰበ ቁጥር ወደ መጨረሻው ቀን፣ ወደ መጨረሻው ቃል፣ ወደ መርዶው ማለዳ ይሮጣል። አንዳንዱ ይህን ሩጫ የሟች ጥሪ ነው ብሎ ተቀብሎት ይኖራል። ሌላው ደግሞ ሥቃዩ ሲበዛበት ሁሉንም ደምስሶ መርሳት ይፈልጋል። ሁለቱም ባያደርጉት መልካም ነው። ሐዘኑ በክብር በቦታው ይቀመጥ፤ ቀኑ ሳይደርስ አይፈታ። ግን ልባችንን ሳያቋርጥ የሚጫነው ምን እንደሆነ፣ ቁጭት ይሁን፣ ሳይነገር የቀረ ቃል ይሁን፣ አንድ በአንድ እየነቀልን እንፈልገው። ብዙ ጊዜ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። እሷ ስትነቀል የሰውየው ሕይወት ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይነበባል፤ በውስጡም ከለቅሶው ይልቅ ሳቁ ይበዛል። እናንተስ የሞተባችሁን ሰው ስታስቡ የትኛው ገጽ ላይ ነው የምትቆሙት?

መምህር ይኄይስ የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለአፍታ ቆም በሉና በዚህ ስም ጸልዩለት፤ ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን በሉ።