ዘርፌን ከነካራቫኗ ላወጣ

ፍርድ እናውቃለን የምትሉ፣ ሬሳ ፊት ቆማችሁ ውርሱ ለማን እንደሚገባ መናገር ትችላላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

በአንድ ወቅት፣ መንገድ ሠሪዎች በአባይ በረሃ ሰፍረው ሳለ፣ ዘርፌ የምትባል መበለት ምግብ ታበስልላቸው ነበር። ሥራው አልቆ ሲነሱ፣ ካራቫን የሚሉትን ባለጎማ የቆርቆሮ ቤት ለድካሟ ትተውላት ሄዱ። ኖረችበት። ውሎ አድሮ ሙቀቱ ልቧን ጎዳው፤ ሐኪሙም «ወደ ደጋ ውጪ፤ አለዚያ አትከርሚም» አላት።

ሦስቱን ልጆቿን ጠራች። «ቤቴን ለጅብ ትቼ አልወጣም። ከነቤቴ ከዳገቱ አናት ያወጣኝ፣ ካራቫኑ የእሱ ነው። ለብቻው!»

ትልቁ ልጅ፣ ስማቸው፣ የሞተር በሽታ በጆሮው የሚለይ ሰው ነበር። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ መርጦ ገዛ፤ የነዳጅ ፓምፑ ግን ደክሟልና ጋራዥ አስገባው።

«እስከዚያ እማዬስ?» አለችው እህቱ ትሁን።

«ትታገሣለች። ይህን ዳገት የሚችለው ናፍጣ ነው።»

«ያንተ ናፍጣ ለተዝካሯ ይደርሳል!»

ትሁን መሪ ከያዘች የማትፈራ ሴት ነበረች። ቁልፍ ሲነካው የሚነሳ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ገዛች፤ እናቷ በውስጡ እንደተኛች ካራቫኑን ከመኪናው ኋላ ቀጥላ ዳገቱን ተያያዘችው። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ፈላ። ፍሬኑ ክብደቱን አልቻለም፤ መኪናውም ካራቫኑም ወደ ገደሉ ይንሸራተቱ ጀመር።

ታናሹ ምንይችል ከእግሩ በቀር ምንም አልነበረውም። ጎማ የሚያግድበትን የእንጨት ታኮ ተሸክሞ ከኋላ ሲሮጥ ነበርና ከጎማው ሥር ሰነቀረው። እጁ ተጨፈለቀ፤ ካራቫኑ ግን አፋፉ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ይዤሻለሁ!»

«መያዙንስ ያዝከኝ፤ የሚያወጣኝ ማን ነው?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። አንድ የሚኒባስ ሹፌር አጠገባቸው ቆመ።

«እናንተ ሰዎች፣ እናታችሁን ስጡኝ ላድርሳት። ለቆርቆሮው ሌላ ቀን አለ።»

ትሁን «ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ነው» አለች። ምንይችል «እሷ ከወረደች እጄን ያስጨፈለቅሁት ለምንድን ነው?» አለ። ስማቸው በስልክ ጮኸ፦ «መጣሁ! እንዳታስወርዷት!» ዘርፌም በመስኮት ብቅ ብላ «ከነቤቴ ነው ያልኩት» አለች።

«የሬሳ ሣጥን ነው የምትጎትቱት» ብሎ ሹፌሩ ሄደ።

ስማቸው ፓምፑ የታደሰለትን ናፍጣ ይዞ ወረደ። የእህቱን መኪና ፈትቶ የራሱን ቀጠለ፤ መኪናው ሳያቃስት ካራቫኑን ከአናቱ አደረሰው። በሩን ሲከፍቱ ዘርፌ ሞታለች።

የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ።

«ከዳገቱ ያወጣሁ እኔ ነኝ» አለ ስማቸው።

«ሬሳ ነው ያወጣኸው» አለች ትሁን። «በሕይወት ሳለች ከበረሃው ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«እኔ ባላግድ» አለ ምንይችል፣ የታሰረ እጁን እያሳየ፣ «የምትጣሉበት ካራቫንም፣ የቀበራችሁት ሬሳም ባልኖረ።»

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። እናንተስ? ካራቫኑ የሚገባው ለማን ነው፦ መርጦ ላወጣው፣ ለቀደመችው ወይስ ላገደው?

ፍረዱ። እኔ ግን አንዳቸውንም ይቅር አልልም፤ እናታቸውንም ጭምር።