እግር የማያረጥብ ታንኳ

ሰው ሲጸልይ ጤና ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል፣ ዝናብ ይለምናል። የእኛ አገር ሰው ግን አንድ ሌላ ልመና ጨምሮበታል፤ እንግዳ ሲሰማው "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?" ይላል። ይበል፤ ታሪኩን ስለማያውቅ ነው። ነገሩ የመጣው ከጣና ዳር፣ ከእንዳላማው ታንኳ ነው።

እንዳላማውና ሙጬ አብሮ አደጎች ነበሩ። ደንገል አብረው ያጭዳሉ፣ ደንገሉን እያሰሩ ታንኳ አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ካልመጣ ሌላው እህል አይቀምስም። ይህን ፍቅር ያደፈረሰው የደሴቱ ገዳም ነው። ገዳሙ የንግሥ እህሉን የሚያመላልስለት አንድ ቀዛፊ በየዓመቱ ይመርጣል፤ የተመረጠው ሰው ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ጠግቦ ያድራል። ሁለቱም ቋመጡ። መነኮሳቱ እንዳላማውን መረጡ። ሙጬ "እንኳን ደስ ያለህ" ቢለው ከአንገት በላይ ሆነበት።

በሳምንቱ ጠዋት እንዳላማው ወደ ውሃው ቢወርድ የታንኳው አንድ ማሰሪያ ላልቶ አገኘው። ዞር ቢል ሙጬ ከራሱ ታንኳ አጠገብ ቆሞ ያፏጫል። በቃ! እቤቱ ተመልሶ ለሚስቱ ለእናኑ "ይሄ የምቀኛ እጅ ነው" አላት።

"ማሰሪያ በራሱ አይላላም እንዴ?"

"ማሰሪያስ ይላላ። ፉጨቱስ?"

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አለ። ወፍ ሲንጫጫ ይነሳና እያንዳንዱን ማሰሪያ ይዳብሳል፣ ይስባል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የራሰውን ደንገል መዝዞ በደረቅ ይተካል። ሌላው ቀዛፊ ሲመሽ ታንኳውን ውሃ ዳር ጥሎ ሲገባ፣ እሱ ሙጬ እንዳይነካበት እደጁ ድረስ ጎትቶ ያመጣዋል፤ ታንኳውም እዚያው ሲንጠፈጠፍ ያድራል። በማኅበር ላይ ሙጬ የቀዳውን ጠላ አይጠጣም። ሙጬ አንድ ቀን ቢጨንቀው "ወንድሜ፣ ምን አድርጌህ ነው?" ብሎ ጠየቀው። እንዳላማው "ምንም" አለ፤ ዓይኑን ግን ከሙጬ እጅ ላይ አልነቀለም።

አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቁና እህል አልረጠበበትም፤ ገዳሙም ሌላ ሰው አላሰበም። "እንዳላማው ታንኳ ላይ የወጣ እግሩ አይረጥብም" ይባል ጀመር።

በአምስተኛው ዓመት ሙጬ ታንኳውን ለዘመድ ሰጥቶ፣ ሚስቱ የወረሰችውን መሬት ሊያርስ ወደ ደጋ ወጣ። እንዳላማው ማመን አቃተው። ዘዴ ነው ብሎ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዞ ከቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጎ አየው። ሙጬ የምሩን ሞፈር ጨብጦ ያርሳል። እፎይ ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ካልሞቀው አይነሳም። ታንኳውንም እንደ ሰው ሁሉ ውሃ ዳር ትቶ ይገባ ጀመር። እናኑ "ዛሬስ ማሰሪያውን አታየውም?" ስትለው "ምቀኛዬ ሄዷል፣ ማን ይነካብኛል?" ይላታል።

በሦስተኛው ወር የንግሡን እህል ጭኖ ሐይቁ መሃል ሲደርስ ታንኳው ከወገቡ ተፈታ። እህሉ ሰጠመ። እሱ ራሱ አንድ እቅፍ ደንገል ላይ ተጣብቆ ሳለ ዓሣ አጥማጆች ደረሱለት። ዳር ሲያወጡት፣ ገና ውሃ እየተፋ፣ ሙጬ ደጋ ሆኖ ሰው ልኮብኝ ነው ይላል፤ ጉድ እኮ ነው!

የገዳሙ መጋቢ አባ ጥሩነህ ስለ እህሉ ሰምተው በቁጣ መጡ። ከታንኳው የተረፈውን ደንገል አንስተው ቢጨምቁት በእጃቸው ላይ እንደ ገንፎ ፈረሰ።

"ልጄ፣ ይሄን የፈታው ሰው የለም። በስብሶ ነው። ከእንግዲህ እህላችንን ሌላ ሰው ይጭናል።"

እንዳላማው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። እንጀራው ከእህሉ ጋር ሰጥሟል። አራት ዓመት ሙሉ ያን ታንኳ ያቆየለት ምን እንደነበረ አሁን ገባው፤ በሠራውም አፈረ። መነኩሴውን ቀና ብሎ አያቸው።

"አባቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ሙጬን ለምነው ይመልሱልኝ።"

"ይቅርታ ልትጠይቀው?"

"ይቅርታውንም እጠይቀዋለሁ። ዋናው ግን፣ የምጠረጥረው ሰው ከሌለኝ ታንኳዬን አላይም።"

አባ ጥሩነህ ቁጣቸው ጥሏቸው ሄደ፤ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ፦ "ስንት ዘመን ከክፉ ሰው ጠብቀን ስንል ኖርን፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጸሎቴ ሌላ ነው፦ ጌታ ሆይ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ።"