ዘጠኙን ቅጂ ያቃጠለው ባለጠጋ

አስር ሰው የወደደውን ነገር አንድ ሰው መጥቶ «ለእኔ ብቻ ይሁን» ቢል፣ እሺ ይባላል? ስንት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ጅቡቲ ይመላለሳል። ቤት የምንውለው እኔና ልጄ ማኅቶት ነን፣ እሷ ደግሞ ገና አፏን አልፈታችም። እሷ ስትተኛልኝ ስልኬ ላይ በጣቴ ሥዕል እሠራለሁ። አንድ ቀን የማኅቶት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ንፋስ ሲያወዛውዘው ሣልኩ። የባለቤቴ እህት አየችውና ኢንተርኔት ላይ ሥዕል የሚሸጥበት ገበያ ላይ አወጣችልኝ። እዚያ ሸራ የለም፣ ወረቀት የለም። ሥዕሉን ማንም በስልኩ ማየት ይችላል፤ የገዛ ሰው ግን ቅጂው የእሱ መሆኑ ማንም እንዳይፍቀው ሆኖ ይጻፍለታል። ክፍያው በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ ነው። አስር ቅጂ አወጣን፣ አስር ሰው ገዛ።

ገንዘቡ ትንሽ ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። የገዙት ሰዎች ስልክ ላይ በጽሑፍ የሚገናኙበት ክፍል አለ፤ ቅጂውን የሸጠ ከክፍሉ ይወጣል። እኔንም ሠዓሊዋን አስገቡኝ። ያገር ልጅም ፈረንጅም አለበት፣ ስልኩ ይተረጉምልኛል። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ፣ የገመዷ እመቤት» ይሉኛል። አንዱ «እዚህ ዝናብ መጥቷል፣ ልብሱን አስገቢው እንጂ!» ይለኛል። ብቻዬን እስቃለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ እነሱ ናቸው።

አሁን ከአስሩ አንዱ፣ ሀብታሙ፣ ለብቻዬ ጻፈልኝ። የሌሎቹን ዘጠኝ ቅጂ ገዝቶ ሊያቃጥል ነው። ማቃጠል የሚሉት ቅጂውን ማንም ሊያወጣው ወደማይችልበት ቦታ መጣል ነው። አንድ ብቻ ሲቀር ዋጋው ይወጣል። «አንቺ ከለመንሻቸው እምቢ አይሉሽም» አለኝ። ለዚህ የሚከፍለኝ ብዙ ነው። እዚሁ ከተማ ትንሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያስከፍታል፣ ባለቤቴም መንገዱን ይተዋል። ባለፈው ሲመጣ ማኅቶት አላወቀችውም። ሊያቅፋት ሲል አለቀሰች። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፣ ብዙ ቆየ።

ማንን ልጠይቅ? መምህር ይትባረክን ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን አዋቂዎቹን ፊደል ያስቆጠሩን ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉንም፣ ክፍሉንም፣ ሰላምታውንም ነገርኳቸው። የባለቤቴን ነገር ብቻ አስቀረሁ፣ የቤቴን ገመና ማውጣት ከበደኝ።

«ልጄ፣ ከነገርሽኝ ግማሹ አልገባኝም» አሉ። «የገባኝን ይዤ ልመልስልሽ። ቁጭ በይ። ልጅቷንም ወዲህ በያት፣ ጠመኔዬን ሳትጨርሰው።» እንዲህም አሉኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነበረ፣ ሥዕልም ይሰበስብ ነበር። የቤቱ ግድግዳ ግን ባዶ ነው፤ ሥዕሎቹ ያሉት እንዳንቺው ስልክ ውስጥ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ሥዕል ነበረችው። በር ላይ የተቀመጠች ባዶ ወንበር ናት፣ ሌላ ምንም የለባትም። የሣላት አንድ ድሃ ሠዓሊ ነው። አስር ቅጂ ነበራት፣ አስር ባለቤት። ከአስሩ አንዱ ባለጠጋው ነው።

አስሩ ሰዎችና ሠዓሊው በየማለዳው አንድ ክፍል ይገናኙ ነበር። ለገዢ የክፍሉ በር የሚከፈትለት ቅጂው እጁ ላይ ካለ ብቻ ነው። ሲገናኙ «ዛሬ ወንበሯ ላይ ማን ተቀመጠ?» ይባባላሉ። አንዱ «አማቴ ናቸው፣ ቢለምኗቸውም አልነሳም ብለዋል» ይላል። ሌላው «አይዞህ፣ እሳቸው እምቢ ቢሉ ወንበሯ ትነሣለች» ይለዋል። አንዷ ደግሞ «የሞተው ወንድሜ ነው» ትላለች፤ ያን ቀን ማንም አይቀልድም። የባለጠጋውን ቤት የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ሚስትም ልጅም የለውም። ከአልጋው ሳይወርድ መጀመሪያ የሚከፍተው ያንን ክፍል ነበር።

አንድ ቀን ግን ልቡ «ይህችን የመሰለች ሥዕል ለምን ከዘጠኝ ሰው ጋር ትካፈላለህ?» አለው። ሠዓሊውን «ዘጠኙን ለምንልኝ፣ እከፍልሃለሁ» አለው። ሠዓሊው ችግረኛ ነበርና ለመነ። ሰዎቹም ለገንዘቡ ሳይሆን ለሠዓሊው ብለው ሸጡ። ያ አማቱን የሚያስቀምጠው ሰው ብቻ «እሳቸውን ምን ብዬ ላስነሳ?» ብሎ ሳቀ፤ ኋላ እሱም ሸጠ። ባለጠጋው ዘጠኙን ባንድነት አቃጠላቸው።

በማግስቱ እንደ ልማዱ ክፍሉን ከፈተ። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ጻፈ። ጠበቀ። «ዛሬ ወንበሯ ላይ ማን ተቀመጠ?» ብሎ ጻፈ። የሚመልስ የለም። ሥዕል ያቃጠለ መስሎት ነበር፤ ለካ ያቃጠለው የዘጠኝ ሰው መግቢያ ነው። ሰዎቹ እንግባ ቢሉም በሩ አይከፈትላቸውም። የሥዕሏ ዋጋ ሰማይ ደርሷል፤ እሰይ የሚለው ግን የለም።

ለሠዓሊው «ሌላ ዘጠኝ ሥራልኝ» ብሎ ጻፈለት። ሠዓሊውም «ብሠራ ያንተዋ አንድ መሆኗ ይቀራል። የከፈልከኝ እኮ አንድ እንድትሆንልህ ነው» አለው። ባለጠጋው አንድ መሆኗንም ማጣት አልወደደም፣ ሐሳቡን ተወው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ አሉ። አንዱ «አደርክ?» ይላል። ሌላው «አደርኩ» ይላል። ሌላ ወሬ የላቸውም።

መምህር ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለጠጋው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚወደውን ነገር እንዴት እንደሚወዱት ጠፍቶት ነው። ያንቺም ሀብታም እንደዚያው ነው። ሠዓሊው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሥዕልሽን የገዙ ሰዎች ከሰው ጋር የሚቀመጡበትን ቦታ ነው የገዙት። ያን ቦታ የምትነሺው ዘጠኙን ብቻ አይደለም፣ ሀብታሙንም ራስሽንም ነው። አንድ ነገር አንድ ብቻ ሲሆን ይወደዳል፤ ሰው ግን አንድ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ።»

«ገባኝ» አልኩ። አመስግኜ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ገብቶኛልም። ከዘጠኙ አንዷ ከታመመች ከርማለች፣ አልጋ ላይ ነው የምትውለው። ትናንት «እናንተ ባትኖሩ ቀኑ እንዴት ይመሽልኝ ነበር» ብላ ጻፈች። እሷን ሽጪ ብዬ ልለምናት? በሌላ በኩል ልጄ አባቷን ሳታውቀው ልታድግ ነው። መምህር ይህን ቢያውቁ ሌላ ምሳሌ ይነግሩኝ ይሆን? ተመልሼ ልነግራቸው አፈርኩ።

ሀብታሙ መልስ እየጠበቀ ነው። ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ።