ስሙ ያልታወቀው ጣሊያናዊ

ወገኖቼ፣ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የጋራዥ ባለቤት ነበረ። አሮጌ መኪና ሲያይ ልቡ የሚቀልጥ ሰው ነው። ሚስቱ "እኔም ዝጌ ቢሆን ኖሮ ታየኝ ነበር" ትለዋለች አሉ።

ይህ ሰው አንድ ቀን ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከሮቃ ዛፍ ሥር፣ ዶሮ የሚያድርበት መኪና አገኘ። የእሽቅድምድም መኪና ነው። ዝቅ ያለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያ የሌለው። ታርጋ የለው፣ ሊብሬ የለው። ሞተሩ ከሌላ መኪና የወጣ ነው፤ አካሉ ግን ከየትም ፋብሪካ አልመጣም። አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሠራው ነው። እንዴት ያለ አሠራር መሰላችሁ።

ሰውየው ዶሮዎቹን አስወጥቶ መኪናውን ወደ ጋራዡ አስጎተተ። ከዚያ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣው። ይህን ማን ሠራው?

ያልጠየቀው ሰው የለም። መልሱ ግን አንድ ነበር። "ይሄማ የፈረንጅ ሥራ ነው አቦ፣ የጣሊያን። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ማን አለ እዚህ?" እሱም አመነ። ለምን አመነ? ሥራው ስላማረ። ልብ በሉ ወገኖቼ፤ ስላማረ ብቻ የእኛ ሊሆን አይችልም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶግራፍ እያነሣ ወደ ጣሊያን አገር ላከ። የሚያውቅ ጠፋ። ከየት ይምጣ?

በኋላ በከተማው የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ይደረጋል፣ በየመኪናው ላይም የሠሪው ስም ይለጠፋል ተባለ። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ የነሐስ ሰሌዳ አስቀረጸ፦ "ሠሪው፦ ስሙ ያልታወቀ ጣሊያናዊ።"

የቀረው የተጨረመተውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ ማቃናት ነበር። ለዚህም ጋሽ አብዶ የሚባሉ፣ ሥራ ያቆሙ ሽማግሌ ባትላሜራ አስጠራ። ባትላሜራ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ባለሙያ ነው፤ ደግሞም በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ ነው የሚያየው። ጋሽ አብዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ላዩን ዳሰሱ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ላዩን ሞርደው ያለሰልሱታል እንጂ የውስጡን የመዶሻ ምት ማንም አያጠፋውም። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ።

"ስማ እንጂ" አሉ፤ "ጣሊያኑ ግራኝ ነበር እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?"

"ምቱ ያጋደለው በተቃራኒው ነው። በቀኙ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይመታም። በዚህ ከተማ በግራው የሚመታ ባትላሜራ አንድ ብቻ ነበር፤ መሸሻ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው አብረን የሠራነው። በግራህ አትምታ፣ ሥራህ በረከት አይኖረውም እያልን ስናሾፍበት ኖርን። ቤቴ መኪና እየሠራሁ ነው ሲለን ሳቅን እንጂ አንዳችንም ሄደን አላየንም።"

የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

መሸሻ ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ወይዘሮ ሙላቷ ግን ከጋራዡ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። ሰውየው ሄዶ በራቸውን አንኳኳ። ስለ መኪናው ሲነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ልትስቅብኝ ነው የመጣኸው?" አሉት። "ለጣሪያችን የተገዛውን ቆርቆሮ መጫወቻ አደረገው እየተባልን ነው ያደግነው። ሰፈሩ 'እብዱ መሸሻ' ነበር የሚለው። እኔ ልጁ እንኳ፣ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ስባል፣ ምድር ባቡር ነው እያልኩ ኖርኩ።"

"የለም እትዬ፤ እኔ የመጣሁት ስማቸውን መኪናው ላይ ለማስጻፍ ነው።"

ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርጋቸውን ፎቶ አውርደው፣ ከፍሬሙ ጀርባ ሌላ ፎቶ አወጡ። አንድ ቀጭን ሰው ያን መኪና ተደግፎ ይስቃል። መዶሻውን የያዘው በግራው ነው።

ሰውየው ምን አደረገ? የነሐሱን ሰሌዳ ገልብጦ በጀርባው አስቀረጸ፦ "ሠሪው፦ መሸሻ ወልደየስ፣ የድሬዳዋ ባትላሜራ።"

በትርኢቱ ቀን ወይዘሮ ሙላቷ ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናው አጠገብ ቆሙ። ወንበር ቢያመጡላቸው እምቢ አሉ። አላፊ አግዳሚው "ይሄ የማን ሥራ ነው?" ሲል፣ "የአባቴ ነው" ይላሉ። ጋሽ አብዶ ሦስት ጊዜ ዞረው መጥተው ሦስቱንም ጊዜ ጠየቋቸው። ጠፍቷቸው አይደለም፤ መልሱ ደስ ብሏቸው ነው።

ወገኖቼ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። እናንተስ? የምታምሩበትን ነገር ማን ሠራው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልብስ እየሰፋች ያስተማረችህ አክስትህ አለች። ሰፈር የቀለደበት፣ አንቺን ግን ፊደል ያስቆጠረሽ አጎትሽ አለ። ስንጠየቅ ግን ምን እንላለን? በጥረቴ ነው እንላለን። ከፈጣሪያችንም ጋር እንዲሁ ነን፤ እጁ ያረፈው ከውስጥ በኩል ነው፣ እኛ ላዩን አይተን ለሌላ እንሰጠዋለን።

ጋሽ አብዶ የመሸሻን ሥራ አደነቁ፤ መሸሻ ግን አልሰማም። እናንተ አላረፈዳችሁም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ስልክም አላችሁ፣ እግርም አላችሁ። ሂዱና አንድ በር አንኳኩ። ይህ ያንተ ሥራ ነው በሉት። በጆሮው እየሰማ በሉት።