ሸህ ዘይኑና የሙሄ አፍንጫ

ስሟ ይቅርብን፤ በአንዲት የድሮ ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ሽቶ ቀማሚ ነበሩ። አረቄ የቅጠልን ሽታ ቶሎ እንደሚስብ ያውቃሉ፤ ግን ሰው ለሰላት በሚቀባው ነገር አጠገብ ድርሽ አያደርጉትም። እርጥብ በሶብላና አሪቲ ጥላ ላይ አጠውልገው በሰሊጥ ዘይት ይዘፈዝፋሉ፤ ሽታው ወደ ዘይቱ ሲገባ ቅጠሉን አጥልለው በሌላ ቅጠል ይተካሉ። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ከቀረ ዘይቱ ይከረፋል፤ ይህን የሚለየው ደግሞ አፍንጫ ብቻ ነው።

ፊት ለፊታቸው ሙሄ የሚባል ሌላ ሽቶ ነጋዴ ነበር። ደንበኛው ሁሉ የእሱን ደጅ አልፎ ሸሁ ዘንድ ሲገባ እያየ አንጀቱ ያርራል።

ዒድ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሸሁ ማሰሮ ታቅፈው ሙሄ ሱቅ ገቡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሙሄ። ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይለይም። ይሄ ለዒድ የሚሸጥ ነው፤ ተበላሽቶ እንደሆነ አሽትተህ ንገረኝ።»

ሙሄ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። እንዲህ ያለ ሽቶ በዕድሜው አላጋጠመውም። ይህ ከተደፋ የዒድ ገበያ በሙሉ የእሱ ነው። ሸይጧንም ሩቅ አልነበረም።

«ከርፍቷል፣ ሸሁ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ! እንኳን ሰው ሳይቀባው አወቅነው። ጀዛከላህ።»

ወጥተው ደጅ ላይ ማሰሮውን አዘነበሉት። ሙሄ አንድ ጥያቄ፣ አንዲት የጥርጣሬ እይታ ጠብቆ ነበር። ምንም የለም። የክረምቱ ልፋት አፈር ሲጠጣው እያየ አላስቻለው፤ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ ሸሁ! ምንም አልሆነም! እንደማልወድዎ እያወቁ ለምን እኔ ጋ መጡ?»

«ወዳጆቼማ አዝነውልኝ ‹ደህና ነው› ይሉኛል» አሉ። «አንተ ግን ጉድለቴን አትሸፍንልኝም ብዬ ነው።»

ሙሄ እንባው መጣ። «ከእንግዲህ በምን ያምኑኛል?»

ሸህ ዘይኑ የተረፈውን ግማሽ ማሰሮ ቀና አደረጉ። «በራስህ ላይ መሰከርክ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?»

ከዚያ ወዲህ ዘይት ባጠለሉ ቁጥር ማሰሮውን ይዘው መንገዱን ይሻገራሉ፤ ገዢ ሲጠይቃቸውም «ሙሄ አሽትቶታል» ይላሉ።

እኛ ነውራችንን የምናሳየው ለሚያባብለን ሰው ነው። ሸሁ ግን ሽቶውን ተቀብቶ አላህ ፊት ለሚቆመው ሰው ሲሉ ለባላንጣቸው አሳዩት። ሙሄን ከውሸቱ የመለሰውም ተግሳጽ አልነበረም፤ መታመኑ ነው። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው፤ እኛንም እንዲህ የሚያምነን ሰው አያሳጣን።