ያልተደፈነው የቦይ አፍ

የጎረቤቴ ልጅ ይትባረክ ኮምፒውተርን ከሥር የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዱ ነው። ባለፈው እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የጻፍኩት ሥራ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፈለ ይሄዳል። አንዱ ቅርንጫፍ፣ ተለቅቆ ለሌላ ወደተሰጠ የማስታወሻ ቦታ አሁንም ይጠቁማል። ይህን ያገኘው ገና ትናንት የተቀጠረ ሰው ነው። ማስተካከያው ልክ ነው፤ ግን እኔ ካላጸደቅኩት አይገባም። ከእሱ እጅ መቀበል አቃተኝ። ብጥለው ምን አለበት?»

እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ነገርኩት።

አንድ የውሃ አባት ነበረ። ከወንዝ የተጠለፈው ቦይ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ እንዲህ እየተከፈለ እስከ ታችኛው ማሳ ይደርሳል። የትኛው ቦይ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቀው፣ ተራ የሚሰጠውም እሱ ነበር። አንድ ዓመት አንድ ገበሬ የታች ማሳውን ለቆ ሌላ ያዘ። የውሃ አባቱ አዲሱን ቦይ ከፈተለት፤ የአሮጌውን አፍ መድፈን ግን ረሳ። ገበሬዎቹ ውሃ ጎደለን ሲሉት «ምድሩ ነው የሚጠጣው» ይላቸው ነበር።

በጋብቻ የመጣ አንድ ባዳ ቦዩን ከመከፈያ መከፈያ እየተከተለ ወረደና አፉን አገኘው። በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። «አባቴ፣ አንዲት አፍ ደፍኛለሁ፤ ይዩልኝ» አለው። የውሃ አባቱ አላየለትም። በወሩ ሰንበቴ ላይ ግን ሰው ሁሉ ባዳውን አመሰገነ። አንዱማ «ለካ የኛ የውሃ አባት ውሃውን ቀበሮ ሲያጠጣ ኖሯል» ብሎ አሳቃቸው።

የውሃ አባቱ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሄዶ ድፍኑን አየው፤ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ አናደደው። «የባዳው ድፍን አልያዘም» ይባል ብሎ በዶማው ነቀለው።

ያ ገበሬው የለቀቀው ማሳ ግን ባሏ ለሞተባት ሴት ተሰጥቶ ነበር። የውሃ አባቱ አላወቀም፤ አልጠየቀምም። ከተደፈነ ወዲህ ደርቋል ብላ የእህል ጉድጓድ አስቆፍራ የዓመት ማሽላዋን አስገብታለች። ውሃው ገባበት።

ሴትዮዋ ባዳውን ያዘችው። «ደፍኛለሁ አላልክም? አሁን ምን ልበላ ነው?»

ባዳው ወርዶ አየ። የዶማው ስለት ጭቃው ላይ ታትሟል። ቀና ብሎ ጩኸቷን ሰምቶ የመጣውን የውሃ አባት ተመለከተውና «በደንብ ሳልረግጠው ቀርቼ ነው» አላት። ከራሱ ማሽላ ሰፈረላት፤ አፉንም መልሶ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ የውሃ አባቱ ተራ ሲያዳርስ በባዳው ማሳ በኩል ማለፍ ይከብደው ነበር።

አንተም ይትባረክ፣ የውሃ አባቱ ነህ። ቦዩ ሥራህ ነው፤ አፉ ያ ቅርንጫፍ ነው፤ ድፍኑም አሁን በእጅህ ያለው ማስተካከያ ነው። ብትነቅለው ውሃው የሚሄደው ወደ ባልደረባህ አይደለም፤ አይተሃት ወደማታውቃት ሴት ጉድጓድ ነው። ቅናቱ ዛሬ ይለቅሃል አልልህም። እየቀናህም ቢሆን አጽድቀው፤ በእሱ ስም ይግባ።